ቦርደር ኮሊ ወይስ ጀርመን ሸፐርድ? መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ቡችላ ለሚገዛ ሰው

ብልህ ቡችላ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ሰው ሐሳቡ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ላይ ያርፋል። አንደኛው ከድሮ ጀምሮ በየግቢው የምናውቀው ጀርመን ሸፐርድ ነው። ሁለተኛው በየስልኩ ቪዲዮ የብዙዎችን ልብ የሰረቀው ጥቁርና ነጩ ቦርደር ኮሊ ነው። "የትኛው ይሻላል?" ሲባል ክርክሩ ቶሎ ወደ ብልህነት ይሄዳል። በዚህ መለኪያ ኮሊው ይበልጣል፤ አሜሪካ ውስጥ ቼዘር የተባለች ቦርደር ኮሊ ከ1,000 በላይ አሻንጉሊቶችን በየስማቸው ለይታ ታውቅ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ተመዝግቧል። ለገዢው የሚበጀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሁለቱም የእረኛ ውሾች ናቸው፤ መንጋ በሌለበት ካዛንቺስ ወይም አራት ኪሎ ውስጥ ያ እረኝነት ምን ላይ ያርፋል?

ሁለት ዓይነት እረኝነት

ቦርደር ኮሊ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ድንበር ኮረብታዎች ውሻ ነው። በዚያ በጎች በሰፊ ተራራ ላይ ተበታትነው ይውላሉ፤ ውሻው በሩቅ ዞሮ ከኋላቸው ይደርስና ሰብስቦ ወደ እረኛው ያመጣቸዋል። ሲሠራ አይጮኽም። ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ይተክልባቸውና በእይታው ይገፋቸዋል። የዛሬዎቹ ቦርደር ኮሊዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚወለዱት ከኦልድ ሄምፕ ዘር ነው። ይህ ውሻ እ.ኤ.አ. በ1893 ኖርዘምበርላንድ ውስጥ አዳም ቴልፈር ከሚባል ገበሬ ቤት የተገኘ ሲሆን፣ የሚታወቀውም በጸጥታውና በዓይኑ ኃይል ነበር።

ጀርመን ሸፐርድ የመጣው ከሌላ መሬት ነው። ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1899 ዝርያውን መመዝገብ ሲጀምር መሠረት ያደረገው የጀርመን በግ ጠባቂዎች የሚጠቀሙባቸውን ውሾች ነው። በዚያ አገር በጎቹ የሚግጡት አጥር በሌላቸው የሰብል ማሳዎች መካከል ነበር። ውሻው ቀኑን ሙሉ በማሳው ጠርዝ እየተመላለሰ መንጋው ወደ እህሉ እንዳይሻገር ይከለክላል፤ ሕያው አጥር ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ኮሊው የሚነሣው በእንቅስቃሴ ነው፤ ሸፐርዱ ደግሞ በድንበር። በእኛ ደጋ እረኛው ልጅ ነው፤ ውሻው ሌሊት ቤት ይጠብቃል። ከዚህ ልማድ የተነሣ ኮሊ የሚገዛ ብዙ ሰው ሳያስበው ጥበቃ ይጠብቅበታል፤ ኮሊው ግን ዘበኛ ሊሆን አልተወለደም። እንግዳ ሲመጣ ይጮኽ ይሆናል፤ በሩን ለመያዝ የሚያስችል አቋምም ሆነ ፍላጎት ግን የለውም። ጎልማሳው ኮሊ ከ14 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ወንድ ሸፐርድ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይደርሳል።

ኮሊዋ ዓይኗን ስትተክል

አራት ወር ገደማ የሆናት የኮሊ ቡችላ ግቢ ውስጥ ገመድ የሚዘሉ ልጆችን ስታይ ልብ ብለው ይመልከቷት። ራሷ ቀስ ብሎ እስከ ትከሻዋ ይወርዳል። አፏ ይዘጋል። ጅራቷ ዝቅ ብሎ ይረጋል፤ አንድ የፊት እግሯ ከመሬት ተነሥቶ በአየር ላይ ይቀራል። እስከዚህ ድረስ ስሟ ቢጠራ ትሰማለች። ከልጆቹ አንዱ ተነጥሎ ሲሮጥ ግን ትወረወራለች፣ ትዞረዋለች፣ ተረከዙን ወይም የሱሪውን ጫፍ ትነክሳለች። ያን ጊዜ ጥሪ አይደርሳትም።

ይህ የተኩላ የአደን ሥርዓት ቅሪት ነው። ማየት፣ ማድባት፣ ማሳደድ፣ መያዝ፣ መግደል በተከታታይ ይመጣሉ፤ አርቢዎቹ በትውልድ ምርጫ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አጠንክረው የመጨረሻዎቹን አደከሙ። ለዚህ ነው ማሳደድ ለኮሊ በራሱ ሽልማት የሚሆነው። አንድ ጊዜ ብስክሌት ያሳደደች ቡችላ ሥጋ ከተሰጣት በላይ ተደስታለች፤ ነገም ትደግመዋለች። ከሮጠች በኋላ መገሰጽ ወይም መምታት ምንም አያስተምራትም፤ ይልቁንም ወደ ባለቤቷ መመለስን እንድትፈራ ያደርጋታል።

ሥልጠናው የሚሠራው እግሯ በአየር ላይ ባለችበት በዚያች ቅጽበት ነው። ስሟን ይጥሩ፤ ዞር ስትል ወዲያው ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እየሮጡ ይጥሯትና ስትደርስ ይሸልሟት። መንቀሳቀስ ትወዳለችና ከእርስዎ ጋር መሮጧ ራሱ ከሽልማቱ አንድ ክፍል ነው። ካልዞረች ቀርበዋል ማለት ነው፤ ርቀቱን ይጨምሩ። ማለዳ መስቀል አደባባይ ላይ የሚሮጡትን ሰዎች በደረጃው ሥር ሳይሆን ከሩቅ ማዶ ሆኖ መመልከት ጥሩ ጅምር ነው። በአዲሶቹ የኮሪደር መንገዶች ላይ ያለው የብስክሌት መስመርም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀረብ እያሉ። እስከዚያው ድረስ ከአምስት እስከ አሥር ሜትር የሚሆን ረጅም ገመድ ከደረት ማሰሪያዋ ጋር አያይዘው ይያዙ። ገመዱ ለመጎተት አይደለም፤ ያለ ፈቃድ የማሳደድ ልምምድ እንዳታገኝ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው፤ ገመዱን በስድስት ወሯ የፈታ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ወሯ መልሶ ያስራል፤ ምክንያቱም ጉርምስናው የሚከብደው ያን ጊዜ ነው።

ብዙ ሰው ኮሊን ለማድከም ኳስ ይወረውራል። ይህን አልመክርም። ለሰዓታት ኳስ ያሳደደች ኮሊ የምታተርፈው ብርታት ነው፤ ማረፍን አትማርም። በአጥንት ዕድገት ላይ ያለች ቡችላም መገጣጠሚያዋ ይጎዳል። የብርሃን ነጥብ በግድግዳ ላይ ማጫወት ደግሞ ፈጽሞ አይደረግ፤ ኮሊዎች ጥላና ብርሃን ማሳደድ ሲለምዱ በሽታ ይሆንባቸዋል። የተሻለው በዘንግ ጫፍ በገመድ የታሰረ ጨርቅ ነው፤ ጨርቁ የሚንቀሳቀሰው እሷ "ተኚ" ስትባል ከተኛች በኋላ ብቻ ይሁን፤ "ተዪ" ስትባልም ትልቀቅ። በዚህ መንገድ ያ ደመ ነፍስ ሳይታፈን በትእዛዝ ሥር ይውላል። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ በቂ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው እንቅልፍ ነው። ቡችላ በቀን ከ16 እስከ 18 ሰዓት መተኛት አለባት። ኮሊ ግን ደክሟት እንኳ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየች ራሷ አትተኛም። ማታ ማታ እንግዳ በበዛበት ሳሎን ውስጥ እግር መንከስ የጀመረች ቡችላ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጋት ተጨማሪ ጨዋታ ሳይሆን መንገዱ የማይታይበት ጸጥ ያለ ክፍል ነው። ምንጣፏ ላይ ተኝታ ቡና ሲፈላ ማየትን መማሯ ከማንኛውም ብልሃት ይበልጣል።

ለልጆች የሚነገረው አንድ ነገር ነው፤ ስትከተላችሁ ቁሙ፣ አትጩኹ። የሚሮጥና የሚጮኽ ልጅ ለኮሊ ከመንጋው የተለየ በግ ነው።

ስለ በግ ካነሣን የበዓል ሰሞን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ የተገዛው በግ ግቢ ውስጥ ታስሮ ሲያድር ኮሊዋ ከጎኑ ሆና ምግቧን ትታ ታፈጥበታለች። ታስሮ መሸሽ የማይችል በግ በዚያ እይታ ሥር ይሠቃያል፤ እሷም የምትማረው መረበሽን እንጂ እረኝነትን አይደለም። በመካከላቸው የማያሳይ ነገር ይጋረድ፤ ወይም ለእነዚያ ቀናት ሌላ ቤት ትደር። እውነተኛ የበግ ሥልጠና ከስምንት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ውሻን በለመዱ በጎችና በሚያውቅ ሰው እጅ የሚጀመር ነገር ነው።

ሸፐርዱና በሩ

የሸፐርድ ቡችላ ብስክሌትን አይቶ ሊጮኽ ይችላል፤ ልቡ ያለው ግን በሩ ላይ ነው። ማን እንደገባ፣ ማን እንደቆመ፣ የየትኛው ሰው ኮቴ እንደሆነ ይለያል። ይህ ጠባይ በተፈጥሮው ከአዲስ አበባ ግቢ ጋር ይስማማል፤ አጥር አለ፣ በር አለ፣ የሚጠበቅ ሰው አለ። አደጋው የሚመጣው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት፣ ሲጎለምስ ነው። በቡችላነቱ ቆራሌውን፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢውን፣ ነጠላ የለበሱ እናቶችን፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው ያላየ ሸፐርድ ሁሉንም እንደ ወራሪ ይቆጥራል፤ 35 ኪሎ የሆነ ፈሪ ውሻ ደግሞ ከደፋር ውሻ የበለጠ ያስፈራል።

ሰውን የሚለምድበት ዋናው ጊዜ ከሦስተኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ነው። ክትባቱ ገና ስላላለቀ መሬት ላይ ማስኬድ ፓርቮ ለሚባለው ገዳይ የአንጀት በሽታ ያጋልጠዋል፤ በእቅፍ ወይም በመኪና ውስጥ ይዞ ፒያሳን ማሳየት ግን ይቻላል። ይህ ለኮሊም ይሠራል፤ ለኮሊ ደግሞ ድምፅም ይጨመርበት። በየቦታው የሚሰማውን የግንባታ መሰርሰሪያና የበዓል ርችት ኮሊዎች ከሸፐርድ ይልቅ በከባዱ ይፈሩታል።

በቀረው የሸፐርድ ሥልጠና ቀለል ያለ ነው። አንድን ትእዛዝ ለመማር ከኮሊ ጥቂት ተጨማሪ ድግግሞሽ ይፈልጋል፤ የተሳሳተ ልማድንም እንደ ኮሊ በአንድ ቀን አይማርም። ለጀማሪ ባለቤት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ቤትዎ የሚችለው የትኛውን ነው?

ግቢ ያለው፣ ጥበቃ የሚፈልግ፣ ጠዋትና ማታ ከውሻው ጋር አንድ ሰዓት ያህል ማሳለፍ የሚችል ቤተሰብ ሸፐርድ ይግዛ። ወጪው በምግብ ይበልጣል፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዝርያው የተለመደ ስለሆነ የወላጆቹን አካሄድ ማየት ግድ ነው።

ኮሊ የሚገባው ቤት ውስጥ አብዛኛውን ቀን የሚውል፣ ማሠልጠን ራሱ የሚያስደስተው ሰው ላለበት ቤት ነው። ግቢው ቢጠብም ችግር የለውም፤ አጥሩ በፍርግርግ ተሠርቶ መንገዱ የሚታይ ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ ስታሳድድ ትውላለች፤ በሸራ ወይም በቆርቆሮ ይከለል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሸፐርድ ይልቅ በመጠኑ ይመቻል፤ ባለቤቱ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ከሆነ ግን ለሁለቱም አልስማማም። ለእንዲህ ያለ ቤት ጠባዩ የታወቀ ጎልማሳ የአገር ውሻ ይሻላል፤ ለአየሩና ለበሽታው የበረታ፣ በሰው ዘንድ መዋልን የሚያውቅ ነው።

ከአምስት ዓመት በታች ልጆች ባሉበት ቤት ኮሊን አልመርጥም። ልጆቹ ይሮጣሉ፣ እሷ ትሰበስባለች፣ እናት ቀኑን ሙሉ ዳኛ ሆና ትውላለች።

ሲገዙ

በመንገድ ዳር በካርቶን የሚሸጥ ጥቁርና ነጭ ቡችላ ሁሉ ቦርደር ኮሊ አይደለም። እናቱን ይዩ፤ ከተቻለ አባቱንም። እናቲቱ ሰው ሲመጣ ከተሸሸገች ወይም ጥላዋን የምታሳድድ ከሆነ ይመለሱ። ወላጆቹ ለሥራ ወይስ ለትርዒት የተዳቀሉ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የትርዒት ዘር በአብዛኛው ረጋ ያለ ነውና ለከተማ የሚመረጠው እሱ ነው። ከስምንት ሳምንት በታች አይውሰዱ። የክትባት ደብተሩን ይመልከቱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከሦስት ወር ጀምሮ ይሰጣል፤ በየዓመቱም ይታደሳል፤ በአዲስ አበባ ይህ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ለሁለቱም የሚሆኑ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። በአንዳንድ የኮሊ ዘሮችና ሸፐርዶች ላይ የሚገኝ የዘረመል ለውጥ አለ፤ ለከብት መዥገርና እከክ የሚሰጠውን አይቨርሜክቲን ለእነዚህ ውሾች መርዝ ያደርገዋል። ስለዚህ መርፌ ከመወጋቱ በፊት ዝርያውን ለእንስሳት ሐኪሙ ይንገሩ። የወጥ ትራፊም አይስጡ፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም አንጀት ይበሳል። ለሥልጠና ሽልማት የተቀቀለ ጉበት በትንሽ በትንሹ ተቆራርጦ የሚተካከለው የለም፤ ሁዳዴ ሲገባ ብዙ ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ አስቀድሞ ገዝቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ይበጃል።

አንዳንድ ሰው ደግሞ መምረጥ ሲያቅተው "እርስ በርስ ይጫወቱ" ብሎ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይገዛል። አይግዙ። አብረው ያደጉ ቡችላዎች የሚሰሙት እርስ በርሳቸው ነው፤ ኮሊዋ ሸፐርዱን ቀኑን ሙሉ ስትነዳው ትውላለች፣ እሱም አንድ ቀን ይመልስላታል። አንዱን ይግዙ፤ ስለ ሁለተኛው፣ አንደኛው ውሻ ዓመት ተኩል ሞልቶት ሲጠራ መምጣት ከለመደ በኋላ ያስቡበት።