«3000 ዋት ሳብውፈር ከነገጠማው» ለሚሏችሁ ቀብድ አትስጡ

ባህር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ለሳሎኑ ጥሩ ቤዝ ለሚፈልግ ሰው የሚቀርብለት ነገር ተመሳሳይ ነው፦ ባለ 12 ኢንች ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን ብቻ የሚያወጣው ስፒከር፣ ሳብውፈር የሚባለው) በቺፑድ ሳጥን፣ የመኪና አምፕሊፋየር፣ የ12 ቮልት ፓወር ሳፕላይ፣ ከነገጠማው። ገጣሚው መጥቶ ጥግ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ቤዙን እስከ መጨረሻው ያዞረዋል፣ የቡፌው መስታወት ሲንቀጠቀጥ «ጉልበቱን አያችሁ?» ብሎ ሂሳቡን ይቀበላል። ጩኸቱ ሲያሰለች ፎም ይሸጥላችኋል፤ ፎሙ ለውጥ ሳያመጣ ሲቀር ደግሞ ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክል መሣሪያ)። የተሸጠላችሁ ዋት የለም፤ ቢኖርም ቤዙን የሚያበላሸው የዋት ማነስ አይደለም።

ዋቱን ለማጣራት ማባዛት ይበቃል። ፓወር ሳፕላዩ ላይ 12 ቮልት፣ 10 አምፒር ተብሎ ከተጻፈ ቢበዛ የሚሰጠው 120 ዋት ነው። አምፕሊፋየሩ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ሲቀነስ ዉፈሩ ጋ የሚደርሰው 100 እንኳ አይሞላም። ከ12 ቮልት 3000 ዋት ለማውጣት 250 አምፒር ያስፈልጋል፤ ይህን የሚሸከም ሽቦ አውራ ጣት ያክላል። ቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 60 ዋት የሚል ካገኛችሁ ፊቱ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ጌጥ ነው። «ፒኤምፒኦ» የሚባለውን (ለቅጽበት ብቻ ይወጣል የሚባለውን የማስታወቂያ ዋት) እርሱት፤ «አርኤምኤስ» (ሳያቋርጥ የሚሰጠው ዋት) ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ለመደበኛ ሳሎን እውነተኛ 100 ዋት ይበቃል።

ሳጥኑንም ፈትሹ። ብዙዎቹ በግምት የተበሱ ናቸው። ለምሳሌ 50 ሊትር የሚይዝ ሳጥን ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ብቻ ከተበሳ፣ ሳጥኑ የሚያስተጋባው 67 ኸርዝ (በሴኮንድ 67 ንዝረት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያለው ድምፅ ይጠፋል፣ ዉፈሩም ያለ ልጓም እየተወናጨፈ ኮይሉን (ውስጡ ያለውን የሽቦ ጥቅል) ይጎዳል። እዚያው ቀዳዳ ላይ 16 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቱቦ ሲገባ ግን ወደ 45 ኸርዝ ይወርዳል። የፍሳሽ ባለ 110 ፒቪሲ ቱቦ ይህን ሥራ ይሠራል። «ቱቦው የት አለ?» ስትሉት «ለውበት ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ውጡ። ቀዳዳ የሌለው ሳጥን ከሆነ ኮኑን (የሚንቀጠቀጠውን የዉፈሩን ፊት) በሁለት እጅ ቀስ አድርጋችሁ ግፉትና ልቀቁት፤ አየሩ ይዞት ዝግ ብሎ መመለስ አለበት። ፉጨት ከሰማችሁ መገጣጠሚያው ያስተነፍሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ክፍሉ። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 343ን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ አካፍሉ፤ የሚመጣው ቁጥር ክፍሉ ራሱ የሚያጓራበት ድምፅ ነው። 5 ሜትር ከሆነ 34 ኸርዝ፣ 4 ሜትር ከሆነ 43፣ 3 ሜትር ከሆነ 57። 4 በ4 የሆነ የብሎኬት ሳሎን ከሁሉም ይከፋል፤ ርዝመቱም ወርዱም እዚያው 43 ላይ ይደራረባሉና። ቤዝ ጊታር አራት ክሮቹ 41፣ 55፣ 73 እና 98 ኸርዝ ላይ ናቸው። በእንዲህ ያለ ክፍል ወፍራሙ ክር ቤቱን ሲያናጋ ሌሎቹ ይደበዝዛሉ። «ቤዙ አንድ ዓይነት ነው» የሚባለው ቅሬታ ከዚህ ይመጣል።

ጉልበቱ የሚከማቸው ግድግዳና ጥግ ላይ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ሶፋው ዙሪያውን ግድግዳ ተደግፎ ይደረደራል፣ ገጣሚው ዉፈሩን ጥግ ይወሽቀዋል፤ ሶፋውም ዉፈሩም ጉርምርምታው የሚበረታበት ቦታ ላይ ዋሉ ማለት ነው። ሶፋውን አንድ ክንድ ወደ ፊት መሳብ ለ43 ኸርዙ እምብዛም አይረዳም፤ በ4 ሜትር ክፍል ውስጥ 1 ሜትር ሲርቅ እንኳ የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ብቻ ነው። እንግዳ ለሚበዛበት ቤት ሶፋ መሀል ማድረግም አያምርም። ስለዚህ የሚነሳው ዉፈሩ ነው። ከጥግ አውጥታችሁ የወርዱ ግድግዳ መሀል፣ ከሁለቱ ጥግ እኩል ርቀት ላይ ስታስቀምጡት በወርድ በኩል ያለው ጉርምርምታ መነሻ ያጣል። ተመሳሳይ ሁለተኛ ዉፈር ፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ መሀል ላይ፣ ቀይና ጥቁር ሽቦው ሳይገለበጥ ከታከለ የርዝመቱም ይሰረዛል። ለአንድ ባለ 15 ኢንች የምታወጡትን ለሁለት ባለ 8 ኢንች አውጡት የምንለው ለዚህ ነው።

ፎሙስ? የ40 ኸርዝ ሞገድ ከ8 ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል። 5 ሴንቲ ሜትር ፎም ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል እንጂ ይህን አይነካውም፤ እንዲያውም ቀጭኑ ሲቀንስ ጉርምርምታው ይበልጥ ጎልቶ ይሰማል። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍማ ከአቧራ በቀር የሚይዘው የለም።

አንድ ዉፈር ብቻ ካላችሁ ቦታውን እንዲህ ፈልጉለት። ሶፋው ላይ፣ ሁልጊዜ የምትቀመጡበት ቦታ አስቀምጡትና ቤዝ ጊታሩ ከፍ ዝቅ የሚል ሙዚቃ ክፈቱ። በግድግዳው ዙሪያ ጎንበስ ብላችሁ፣ ጆሯችሁን ዉፈሩ በሚቆምበት ቁመት አድርጋችሁ ሂዱ። ሁሉም ኖታ እኩል የሚሰማበት ቦታ ላይ ዉፈሩን አቁሙት። ቀጥሎ ክሮስኦቨሩን (ዉፈሩ እስከ የት ያለውን ድምፅ እንደሚያወጣ የሚወስነውን ማዞሪያ) 80 ኸርዝ ላይ አድርጉ፤ ገጣሚዎች 150 ላይ የሚተዉት የሰው ድምፅ እንዲወፍር ነው፣ ያን ጊዜ ዘፋኙ ሳጥን ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ፌዝ የሚለውን ማብሪያ (የዉፈሩን ንዝረት ከሌሎቹ ስፒከሮች ጋር የሚያስማማውን) ሌላ ሰው 0 እና 180 ላይ ሲያገላብጥ ተቀምጣችሁ አድምጡና ቤዙ የሚሞላበትን ያዙ። የድምፅ መጠኑን መጨረሻ ላይ ነው የምትነኩት፤ ዉፈሩ የት እንዳለ ጆሮ መለየት እስኪያቅተው ቀንሱት።

የሚንቀጠቀጠውን ኮርኒስና ቡፌ ለማግኘት ስልካችሁን በጃክ አገናኝታችሁ በቶን ጀነሬተር (የመረጣችሁትን ኸርዝ ብቻ በሚያሰማ መተግበሪያ) ከ30 እስከ 100 ኸርዝ ቀስ ብላችሁ ውጡ። የሚያንቃጭል ነገር ካለ በየቁጥሩ ራሱን ያጋልጣል።

ግዢው ካልቀረ ደረሰኙ ላይ «3000 ዋት» ሳይሆን አርኤምኤስ ዋቱ፣ የሳጥኑ ሊትርና የቱቦው ርዝመት ይጻፍ። ቤት ተሞክሮ ካልተስማማ በስንት ቀን ውስጥ ገንዘቡ እንደሚመለስም እዚያው ይስፈር። ይህን ለመጻፍ የሚያንገራግር ሻጭ ቀብዱንም አይመልስም።