ለልጃችሁ የትኛው ይሻላል፦ የካውንቲ የዋና ትምህርት፣ የሰፈር የበጋ ቡድን ወይስ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ክለብ?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ፣ ልጁን ዋና ለማስለመድ የሚያስብ ወላጅ ሦስት አማራጮች አሉት። የመጀመሪያው ካውንቲው የሚሰጠው ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው የሰፈር ገንዳዎች የሚያቋቁሙት የበጋ ቡድን፤ ሦስተኛው ዓመቱን ሙሉ የሚያሠለጥን የውድድር ክለብ። አንድን ነገር በሦስት ዋጋ የሚሸጡ ቢመስሉም ሥራቸው የተለያየ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላለና የገንዳውን ርዝመት፣ ማለትም 25 ሜትር፣ ያለ ማንም ድጋፍ ለሚዋኝ ልጅ የበጋ ቡድንን የሚስተካከል የለም። ያን ርቀት ለማይችል ልጅ ግን ትምህርቱ ይቀድማል።

ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልወተውትም ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚያሳየው፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ ቀዳሚው የሞት ምክንያት በውኃ መስጠም ነው። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ጥቁር ልጆች ደግሞ በመዋኛ ገንዳ ሰጥመው የሚሞቱበት መጠን ከነጭ እኩዮቻቸው ከ7 እጥፍ በላይ ይበልጣል። በ2017 ይፋ በሆነ የአሜሪካ የዋና ፋውንዴሽን ጥናት መሠረት 64 ከመቶ ጥቁር ልጆች ዋና ጨርሶ አይችሉም ወይም እምብዛም አይችሉም። ብዙዎቻችን ገንዳ በአቅራቢያችን ሳይኖር ያደግን ነን፤ ወላጅ ካልዋኘ ደግሞ ልጁም ሳይለምድ የማደጉ ዕድል ሰፊ ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ የሚሰጥም ልጅ ብዙ ጊዜ ሳይጮህ ነው የሚሰጥመው።

ከካውንቲው ትምህርት እንጀምር። ፊቱን ውኃ ውስጥ መንከር ለሚፈራ ልጅ ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በሲልቨር ስፕሪንግ መሐል በ2024 የከፈተው አዲስ የመዋኛ ማዕከል አለ፤ የማርቲን ሉተር ኪንግ የመዋኛ ማዕከልም ከዚያ ሩቅ አይደለም። በፌርፋክስ የካውንቲው የፓርክ አስተዳደር በመዝናኛ ማዕከሎቹ ያስተምራል። የዲሲ ነዋሪዎች የከተማዋን ገንዳዎች የነዋሪነት ማስረጃ አሳይተው በነፃ ይጠቀማሉ። ክፍያው ከሦስቱ አማራጮች ዝቅተኛው ነው፤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦችም የክፍያ ድጋፍ አለና አትፈሩ፣ ጠይቁ። ችግሩ ሁለት ነው። ምዝገባው በተከፈተ ዕለት ቦታው ቶሎ ይሞላል፤ ትምህርቱም በሳምንት አንድ ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ስለሆነ ልጁ ከዚያችም ላይ ተራ እየጠበቀ የሚያባክናት አለ።

ይህን በቁጥር ብናየው ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። በሳምንት ግማሽ ሰዓት የሚማር ልጅ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ሳይቀር ቢሄድ 26 ሰዓት ውኃ ውስጥ ይቆያል። በበጋ ቡድን ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ 45 ደቂቃ የሚለማመድ ልጅ ያንኑ ሰዓት በሰባት ሳምንት ይጨርሳል። ለዚህ ነው በበጋ ቡድን ያለ ልጅ በአንድ የዕረፍት ወቅት የሚለወጠው።

የበጋ ቡድኖቹ በሁለት ትልልቅ ሊጎች የተደራጁ ናቸው። በ1956 የተመሠረተው የሰሜን ቨርጂኒያ የዋና ሊግ 100 ያህል ገንዳዎችን፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲው ሊግ 90 ገደማ ቡድኖችን ያቀፉ ናቸው። ገንዳዎቹ በሜይ መጨረሻ ይከፈታሉ። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ልምምዱ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ ወደ ጠዋት ይዛወራል። ቅዳሜ ጠዋት ከሌላ ሰፈር ቡድን ጋር ይወዳደራሉ፤ ስምንት ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑት 25 ሜትር ብቻ ይዋኛሉ። በጁላይ መጨረሻ ገደማ የውድድሩ ወቅትም ያልቃል። ዘጠኝ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀችው ኬቲ ሌዴኪ የጀመረችው በዚሁ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሊግ፣ ቤተሰቧ አባል በሆነበት የሰፈር ገንዳ፣ በስድስት ዓመቷ ነው። ይህን የማነሣው ልጃችሁ ኦሊምፒክ ይሄዳል ብዬ ሳይሆን፣ የሰፈር ቡድን ማለት ዝቅ ያለ ሥልጠና ማለት ነው ብለው የሚያስቡ ስላሉ ነው።

ዋጋው ላይ ብዙ ወላጅ ይደናገራል። የቡድኑ ክፍያ ራሱ ከባድ አይደለም። ከባዱ ከዚያ በፊት የሚመጣው የገንዳው የአባልነት ክፍያ ነው፤ አብዛኞቹ ገንዳዎች የነዋሪዎች ማኅበር ንብረት በመሆናቸው አባል ያልሆነ ቤተሰብ ልጁን ቡድኑ ውስጥ ማስገባት አይችልም። ለቤተሰብ የሚከፈለው እንደ ገንዳው ከጥቂት መቶ ዶላር እስከ ሺህ ዶላርና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ አንዳንዱ የመግቢያ ገንዘብ ይጨምራል፣ አንዳንዱም ተጠባባቂዎችን በወረፋ ያስቀምጣል። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለበት ግቢ የምትኖሩ ከሆነ ግን በየወሩ በምትከፍሉት ውስጥ ገንዳው ተካትቶ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስለ እነዚህ የአባልነት ገንዳዎች ብዙዎቻችን ሳናውቅ የምናልፈው ታሪክ አለ። በፌርፋክስ ካውንቲ ሊትል ሀንቲንግ ፓርክ በተባለ ማኅበር፣ አንድ ነጭ ባለቤት ቤቱን ለጥቁር ተከራይ አከራይቶ የአባልነት ድርሻውን ሲያዛውርለት የማኅበሩ ቦርድ አልቀበልም አለ፤ ባለቤቱንም አባረረው። ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1969 ማኅበሩ ተረታ። ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ የነበረው የዊተን ሄቨን ገንዳም ጥቁር ጎረቤቶችን አላስገባ ብሎ በ1973 ዳኞቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ፈረዱበት። ዛሬ በእነዚሁ ሰፈሮች የምንኖረው እኛ ነን። «ያ ገንዳ የእነሱ ነው» ብሎ ከአጥሩ ውጭ መቅረት ሌሎች ታግለው ያስከበሩትን መብት መተው ነው።

ሁለት ገንዳዎች ለቤታችሁ እኩል ቅርብ ከሆኑ ዝና አትከተሉ። ሊጎቹ ቡድኖችን በጥንካሬ በዲቪዚዮን ይከፋፍላሉ። በሰሜን ቨርጂኒያው ሊግ የቅዳሜ ውድድር ላይ በአንድ የዕድሜ ክልል በአንድ የዋና ዓይነት ከየቡድኑ የሚገቡት ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው። ስለዚህ በላይኛው ዲቪዚዮን ባለ ትልቅ ቡድን ውስጥ አዲስ የገባ ልጅ ቅዳሜን ሙሉውን ቆሞ ሲያጨበጭብ ሊያሳልፍ ይችላል፤ በታችኛው ዲቪዚዮን ባለ ትንሽ ቡድን ግን ያው ልጅ ይዋኛል፣ ለቡድኑም ነጥብ ያመጣል። በሳምንቱ መሐል ማታ ሁሉም የሚሳተፍበት ውድድር መኖሩ እውነት ነው፤ ልጅ ግን ትልቁ ውድድር የቅዳሜው መሆኑን ያውቃል። ለጀማሪ እኔ ምንጊዜም ትንሹን ቡድን እመርጣለሁ።

የበጋ ቡድን ከወላጅ ጉልበት ይጠይቃል። ሰዓት ያዡ፣ የዋና ስልት ዳኛው፣ ልጆችን በተራ የሚያሰልፈው፣ ምግብ የሚሸጠው ሁሉ ወላጅ ነው። ቅዳሜ የሆስፒታል ተረኛ ለሆነች እናት ወይም ታክሲ ለሚነዳ አባት ይህ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት በሳምንቱ መሐል የሚሠራ የበጎ ፈቃድ ሥራ ይኖር እንደሆነ አስተባባሪውን ጠይቁ። ሩጫ መቁጠሪያ ሰዓት ይዞ መቆም ግን ዋና መቻልንም ሆነ የጠራ እንግሊዝኛን አይጠይቅም። ከጎረቤት ጋር ለመተዋወቅ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላየሁም።

ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩት ክለቦች፣ ለምሳሌ የሮክቪል ሞንትጎመሪ የዋና ክለብ፣ ጥሩ አሰልጣኞች አሏቸው። ልጁን በመግቢያ ፈተና ይቀበላሉ፣ በሳምንት ብዙ ቀን ያሠለጥናሉ፣ ክፍያቸውም ከሁሉም ይበልጣል። ለእኛ ማኅበረሰብ የሚከብደው ግን ከገንዘቡ ይልቅ እሑድ ነው፤ የክለቦች ውድድር ብዙውን ጊዜ ቅዳሜና እሑድን ይይዛል፣ ልጁም ከቅዳሴና ከሰንበት ትምህርት ቤት ይቀራል። የበጋ ቡድን መደበኛ ውድድር እሑድን አይነካም። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ሲገባም የውድድሩ ወቅት አልቋል። የሚጋጨው ከሌላ ነገር ጋር ነው፦ በጁላይ መጀመሪያ የሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል በውድድሩ ወቅት እምብርት ላይ ይውላል። ወደ ሌላ ከተማ የምትጓዙ ከሆነ ለአሰልጣኙ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ አንድ ቅዳሜ መቅረት ችግር የለውም። ስድስት ሳምንት አዲስ አበባ ለመክረም ያሰበ ቤተሰብ ግን የዘንድሮውን የአባልነት ገንዘብ ባያወጣ ይሻላል።

ስለ ዕቃ ብዙ አትጨነቁ፤ የዋና ልብስ፣ መነጽርና ቆብ ይበቃሉ። ሹሩባ ለተሠራች ልጅ ሰፋ ያለ ቆብ ግዙላት፤ ለጥቁር ፀጉር የተሠራው ሰፊ ቆብ ከ2022 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ውድድር እንኳ ተፈቅዷል። ሰውነቷን የሚሸፍን የዋና ልብስ የምትለብስ ሙስሊም ልጅ ካለቻችሁ ደግሞ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት አሰልጣኙን አነጋግሩ።

የበጋ ቡድን ምዝገባው ከአሜሪካው ክረምት፣ ማለትም ከብርዱ ወቅት፣ መጨረሻ ጀምሮ ስለሚከፈት ሜይን አትጠብቁ። ልጁ 25 ሜትሩን ገና ካልሞላ የጸደዩን የካውንቲ ትምህርት አሁን ያዙለት፤ ገንዳውንም ለትንንሽ ጀማሪዎች የመለማመጃ ቡድን እንዳለው ጠይቁ፣ ብዙዎቹ አላቸው።