ብሉቱዝ ወይስ ኤንኤፍሲ? በመናኸሪያችን የአውቶቡስ ሒሳብ በስልክ ለመክፈል የቱ ይሻላል?

ንጋት 11 ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ። አንድ እጅ ሻንጣ ይዟል፣ ሌላው ጋቢ ይሰበስባል። ብሉቱዝ ቢሆን ስልኩ ከኪስ ሳይወጣ የአውቶቡሱ በር ላይ ያለው መሣሪያ ይለያችኋል፤ ይመዘግባል፣ ሒሳብም ይቆርጣል። ደስ ይላል። ግን ሲግናሉ 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። የባሕር ዳሩና የፍኖተ ሰላሙ አውቶቡስ ጎን ለጎን ሲቆሙ የቱ ላይ እንደወጣሁ በምን ያውቃል? ላልተሳፈርኩበት መክፈል አልፈልግም።

ኤንኤፍሲ፣ ማለትም ስልክን በማስጠጋት መረጃ የሚለዋወጠው የአጭር ርቀት ሬዲዮ፣ የሚሠራው በ4 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ስልክ አውጥቶ ማስጠጋት ግድ ይላል። እኔ ይህችን ድካም እወዳታለሁ፤ ገንዘቤ የሚወጣው እጄን ስዘረጋ ነዋ! አውቶቡሱ ላይ የሚለጠፈው ታግም (ስልክ የሚያነበው ትንሽ ቺፕ) ባትሪ አይፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም ስልኩ ያነበዋል። ችግሩ፣ ብዙ ርካሽ ስልኮች ኤንኤፍሲ የላቸውም። ለእነሱ በእጅ የሚቆረጠው ቲኬት ይቆይላቸው።