ለመካኒኩ ጋሼ ምስጋና፣ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ላላችሁም ጥቆማ

ሰላም ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። እንግሊዝ አገር የምትኖሩና አሮጌ መኪና የምትወዱ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። የማትወዱም ብትሆኑ ለሚወድ ሰው ላኩለት።

መኪናዋ ኤምጂቢ ናት፣ ኤምጂ የሚባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ የሠራት ትንሽ የስፖርት መኪና። በፈረንጆቹ 1977 የተሠራች፣ አረንጓዴ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚከፈት። የገዛኋት እዚሁ ለንደን ሰፈራችን ካሉ አንዲት አሮጊት ነው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። "ለቁራሌ እንዳትሸጣት ብቻ" ብለው በርካሽ ሰጡኝ። ቁራሌ አላሉም እርግጥ፣ ግን ያሉት እሱኑ ነው። ሞተሯ አልቆለት ነበር። ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፣ ዳገት ላይ የቆሻሻ መኪና ይቀድመናል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ለምን ትልቁን ሞተር አታስገጥምላትም?" አለኝ። ፋብሪካው ራሱ አድርጎታል አለ። እውነቱን ነው። ኤምጂ ከ1973 እስከ 1976 ቪ8 የሚባለውን ባለ 8 ሲሊንደር 3.5 ሊትር የሮቨር ሞተር እየገጠመ ሸጧል። ግን ጂቲ በሚባለው፣ ጣሪያው ድፍን በሆነው ላይ ብቻ ነው። የተሠሩትም 2,591 ብቻ ናቸው። ከፋብሪካው በፊትም ኬን ኮስቴሎ የሚባል የመኪና ተወዳዳሪ በግሉ እየገጠመ ይሸጥ ነበር። የእኔ ዓይነቷን፣ ጣሪያዋ የሚከፈተውን፣ በትልቁ ሞተር የፈለገ ሰው ያለው አማራጭ ማስገጠም ነው።

ለወንድሜ አዲስ አበባ ደውዬ "ቪ8 ላስገባ ነው" ስለው "ሚኒስትር ሆንክ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ።

መከራዬ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ጋራዥ ወፍራም ቀብድ ተቀበለኝ። "ቀላል ነው፣ ስንት ሠርተናል" አሉኝ። ከዚያ ስልክ ማንሳት ቀረ። ስሄድ መኪናዋ ጥግ ላይ ቆማ፣ ሆዷ ተከፍቶ፣ ወንበሯ ላይ የሌላ ሰው ጎማ ተጭኖ አገኛታለሁ። "ዕቃ እየጠበቅን ነው።" ሁልጊዜ ዕቃ ነው። ክረምት አልፎ በጋ መጣ። በመጨረሻ ጨረስን ብለው አስረከቡኝ። ደስ ብሎኝ ይዣት ወጣሁ። የመጀመሪያው የመኪና ሰልፍ ውስጥ ስገባ ውሃዋ ፈላ። መሪውን ወደ ግራ ስጠመዝዝ ደግሞ ከሥር ጨርጨርጨር የሚል ድምፅ አለ። መልሼ ስወስዳት ሰውየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እነዚህ መኪናዎች እንዲህ ናቸው፣ ልመዳት።" ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ ልመዳት!

ሁለተኛው ጋራዥ የባሰ ነበር። ኮፈኗን እንኳን አልከፈተም። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ያንተ ናት?" ብሎ ነው። ከዚያ እንግሊዝኛ እንደማይሰማ ሰው ቃል በቃል እየረገጠ ሁሉም ነገር ፈርሶ እንደ አዲስ መሠራት አለበት አለኝ። የጠራውን ዋጋ አልጽፈውም፣ ደም ብዛት ያለባችሁ ትኖራላችሁ። ሦስተኛው ፎቶ ላክ አለኝ። ላክሁ። ይኸው እስካሁን እያየው ነው መሰለኝ።

ልሸጣት ወስኜ ነበር። ባለቤቴም ሰልችቷት ነበር። ወደ ኦክስፎርድ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ነዳጅ ማደያ እንደለመደባት ፈልታ ቆማለሁ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ መኪናዋን አቁማ መጣች። ኮፈኑ ሥር አየት አደረገች። ቁራጭ ወረቀት ላይ የስልክ ቁጥር ጽፋ ሰጠችኝና "ከሱ በቀር ለማንም እንዳታስነካት" ብላኝ ሄደች። ያቺን ሴትዮ ዛሬም እመርቃታለሁ።

እኔ ቤት ውስጥ ሳወራ ጋሼ ነው የምላቸው። ፈረንጅ ናቸው። ገና በወጣትነታቸው ኦክስፎርድ አጠገብ ባለችው አቢንግደን ከተማ፣ እነዚህ መኪናዎች የሚሠሩበት ፋብሪካ ውስጥ ነበሩ። ፋብሪካው በ1980 ሲዘጋ ብዙ ሰው ሜዳ ላይ ወደቀ፣ እሳቸው ግን እዚያው አካባቢ አንድ መንደር ውስጥ ከቤታቸው ጀርባ የላም በረት የነበረውን ጋራዥ አድርገው ይኸው እስካሁን ይሠራሉ። ምልክት የለው፣ ማስታወቂያ የለው።

አሁን የሚሆነውን ስሙኝ። ሞተሩን አስነሳ አሉኝ። አስነሳሁ። እስኪሞቅ ጠበቁ። ማራገቢያው መዞር ሲጀምር ከኪሳቸው አንድ የዕቃ ደረሰኝ አውጥተው ከፊት ለፊት፣ አፍንጫዋ ላይ ጠጋ አደረጉት። ወረቀቱ ወደ ውስጥ መሳብ ነበረበት። ወደ ውጭ ተገፋ! ማራገቢያው የሚዞረው በተቃራኒው ነበር። ንፋሱን ወደ ራዲያተሩ እንደመላክ ወደ መንገዱ እየመለሰው ነበር። ያ ሁሉ መፍላት፣ ያ ሁሉ "ልመዳት" ሁለት ሽቦ ተገልብጦ ተገናኝቶ ነው። እዚያው ቀያየሩት። ከዚያ መሪውን ግራና ቀኝ አሽከርክር አሉኝና ባትሪ ይዘው ከሥር ገቡ። የጭስ ማውጫው ቱቦ ከመሪው ዘንግ ጋር ይፋተግ ነበር። "በዚህ ለንደን ድረስ ልትመለስ ነው?" አሉኝ። አላስመለሱኝም። ባቡር ጣቢያ ድረስ በራሳቸው መኪና ሸኙኝ። ለዚያ ቀን አምስት ሳንቲም አልተቀበሉኝም።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሁሉ አልተርክላችሁም፣ አብዛኛው ስላልገባኝ። ስለ ካምቢዮው፣ ስለ ኋላ አክሰሉ፣ ስለ ካርቡሬተሩ ያስረዱኛል፣ እኔ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። የገባኝን ግን ልንገራችሁ። ሞተሩ ትልቅ ቢሆንም አሉሚኒየም ስለሆነ ከድሮው 1.8 ሊትር የብረት ሞተር በክብደት ብዙም አይለያይም። ፋብሪካው በ1967 ኤምጂሲ ብሎ ከባድ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር አስገብቶ ሞክሮ ነበር። አፍንጫዋ ከበዳት፣ የመኪና ጋዜጠኞች አብጠለጠሏት፣ በ1969 ቀረች። ስለዚህ "ማንኛውም ትልቅ ሞተር ይገባል" የሚላችሁን ሽሹት። ሌላው ደግሞ ከ1974 መጨረሻ ወዲህ የወጡት ጥቁር ባምፐር ያላቸው፣ ሰው አስቀያሚ እያለ የሚንቃቸው፣ ለዚህ ሥራ የሚመቹት እነሱ ናቸው። ፋብሪካው የሞተር ቤታቸውን ቪ8 እንዲይዝ አድርጎ አስተካክሎት ነበር። የእኔዋ ከእነዚያ ናት። ጋሼ ባምፐሯን መታ መታ አድርገው "በዚህ ምክንያት ነው በርካሽ ያገኘሃት" ብለው ሳቁ።

ፍሬን ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። እኔ ቶሎ ልነዳት ቸኩያለሁ። እሳቸው "መጀመሪያ የምትቆም መኪና እንሥራ፣ ከዚያ የምትሄድ" አሉኝ። ኤምጂቢ በ1962 ስትወጣ 95 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ፋብሪካው የገጠመው ቪ8 ደግሞ 137 ነበረው። ያንን ጉልበት በድሮው ፍሬን አልለቅህም አሉ። የመጀመሪያው ጋራዥ ስለ ፍሬን አንድም ቀን አንስቶልኝ አያውቅም። ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል። ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ እነዳ ነበር እኮ።

አሁን ይህን ጽሑፍ ወዳስጻፈኝ ልምጣ። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ አባቴ ሾፌር እንደነበር ነግሬያቸው ነበር። እንዲሁ በወሬ መሃል። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው የመንግሥት መኪና ሲነዳ ነው። ላንድሮቨር ነድቷል፣ በኋላ ደግሞ የአለቃውን ሬንጅ ሮቨር። ጎጃምን፣ ወሎን፣ ባሌን በዚያ መኪና ነው የሚያውቀው። አሁን ጉልበቱ ደክሟል፣ ከቤት ብዙም አይወጣም። ጋሼ ያን ጊዜ ምንም አላሉም። ሥራው አልቆ ሞተሩ የሚነሳበት ቀን ሲደርስ፣ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው "አባትህ ጋ ደውል" አሉኝ። ግራ ገባኝ። "ሞተሩ የወጣው ከአሮጌ ሬንጅ ሮቨር ነው። አባትህ ይህን ድምፅ ያውቀዋል።"

ደወልኩ። በምስል። እህቴ ስልኩን ያዘችለት። አባቴ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ "ማነው ሽማግሌው?" ይላል። ጋሼ ቁልፉን አዞሩት። ተነሳች። አባቴ ወዲያው "እንዴ! ይቺ የዋና ሥራ አስኪያጁ መኪና ናት!" አለ። ከዚያ ትእዛዝ ጀመረ። ነዳጅ ስጣት በለው። ልቀቃት በለው። አሁን እንደገና። እኔ አስተረጉማለሁ፣ ጋሼ ይታዘዛሉ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ኮተቤ ሶፋ ላይ፣ አንዱ የላም በረት ውስጥ፣ ስለ አንድ ሞተር ሲያወሩ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ ይግባባሉ። አባቴ በመጨረሻ "አንደኛው ሲሊንደር ትንሽ ያስነጥሰዋል" አለ። አስተረጎምኩ። ጋሼ ጆሮአቸውን ጠጋ አድርገው አዳመጡና "ልክ ነው" ብለው መፍቻ አነሱ።

ለዚህ ደረሰኝ አይቆረጥም። ሰው ይህን አስቦ ሲያደርግላችሁ ምን ትሉታላችሁ? እኔ እጃቸውን ስሜ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩ፣ በአማርኛ። ሌላ አልመጣልኝም።

ሒሳቡም ንጹሕ ነው። እያንዳንዱን ዕቃ በእጃቸው ጽፈው ሰጡኝ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በካርቶን አድርገው መለሱልኝ። የድሮውን ሞተርም "አትጣለው፣ አንድ ቀን ኦሪጅናሏን የሚፈልግ ይመጣል" ብለው ጠቅልለው አስቀመጡልኝ። ይህን የምለው "ታሪካዊ መኪና አበላሸህ" ለሚሉኝ ነው። እስከ 1980 ድረስ ከ500 ሺህ በላይ ኤምጂቢ ተሠርቷል። አንዷ ብትወፍር ምንም አይደለም።

አሁን እንዴት ናት? አትፈላም። አትንጨረጨርም። ባለፈው ሐምሌ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ የመኪና ሰልፍ፣ የሙቀት መለኪያው ንቅንቅ አላለም። ባለቤቴ እንኳን ጣሪያው ይከፈት ማለት ጀምራለች። የሸጡልኝን አሮጊትም ይዣቸው ዞርኩ፣ ሻሻቸውን አስረው እንደ ሙሽራ ነው የተቀመጡት።

ስማቸውን እዚህ እንድጽፍ አልፈለጉም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚይዙት፣ ስለዚህ ወረፋ አለ። ጠብቁ። እመኑኝ፣ ጠብቁ። ዋጋ አትከራከሯቸው፣ የሚያስከራክር ዋጋ አይጠሩም። ሥራው ካለቀ በኋላ ደግሞ ሊብሬው ላይ አዲሱን የሞተር ቁጥርና መጠን አስመዝግቡ፣ ኢንሹራንሳችሁንም ንገሩ። ጋሼ መኪና ሲያስረክቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። መኪናችሁ ከ40 ዓመት በላይ ሆና ዓመታዊ ምርመራ ባይጠበቅባችሁም አስመርምሯት ይላሉ።

ስትደውሉ ጠዋት ይሁን። ከምሳ በኋላ መኪና ሥር ስለሚሆኑ አያነሱም። ባለቤታቸው ካነሱት ግን "የኢትዮጵያዊው ወዳጅ ነኝ" በሏቸው፣ ያውቁኛል። ስትሄዱ ብስኩት ይዛችሁ ሂዱ፣ ቸኮሌት ያለበትን።