ጤና አዳሜን ያተረፉልኝ የኮምቦልቻዋ እናት

ይህን የምጽፈው አንዲት እናትን ለማመስገን ነው። ቤታችሁ የተከላችሁት ነገር አፈሩ ውስጥ ጥቃቅን ነፍሳት ሲርመሰመሱ አይታችሁ ከተጨነቃችሁም ልጠቁማችሁ።

የምኖረው ደሴ ነው። እናቴ ከማረፏ በፊት የሰጠችኝ ጤና አዳም አለኝ፤ በቀለም ባልዲ ተክዬዋለሁ። ቡና ስናፈላ ከእሱ ነው የምንቆርጠው። ባለፈው ክረምት ውሃ ሳጠጣው ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ነጫጭ ነገሮች አፈሩ ላይ ብድግ ብድግ አሉ። ቅጠሉም ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር። በጣም ደነገጥኩ። አንድ ሱቅ ገብቼ ብናገር፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ የበረሮ ፍሊት ሸጡልኝ። ከስኒያችን የምንጨምረው ነገር ላይ እሱን መንፋት ግን አላስቻለኝም።

የሥራ ባልደረባዬ ናት ስለ እትዬ የነገረችኝ። ከሐረጎ ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ መንገድ ዳር ችግኝ ይሸጣሉ። ስሜን እንዳትጽፊ ብለው አደራ ስላሉኝ አልጽፍም።

አፈሩን በማርማላታ ብልቃጥ ይዤ ሄድኩ። ነጭ ሳህን አመጡ፣ ውሃ ጨመሩበት፣ ከአፈሩ ቆንጥረው በተኑበት። ነጫጮቹ ሳይሰምጡ ውሃው ላይ ተንሳፈፉ። ማጉያ መነጽራቸውን ሰጡኝና «ቁጠሪ ልጄ፣ ስንት እግር አላቸው?» አሉኝ። ስድስት። ክንፍ የላቸውም። ከሆዳቸው ሥር እንደ ሹካ የታጠፈች ነገር አለች፤ እሷን ሲፈነጥሯት ነው የሚዘሉት። በሳይንስ ኮሌምቦላ ይባላሉ፤ እትዬ «ዘላዮቹ» ነው የሚሏቸው። ሻጋታና የበሰበሰ ቅጠል ነው የሚበሉት። ደህና ሥር አይነኩም።

«ታዲያ ለምን ቢጫ ሆነ?» አልኳቸው።

«ባልዲው ከሥሩ ቀዳዳ አለው?»

የለውም። በዚያ ላይ በየቀኑ አጠጣ ነበር። «ደሴ እኮ በክረምት ጭጋግ ነው፣ እንደኛ ቶሎ አያደርቅም። እነዚህ ውሃ በዝቷል እያሉ እየነገሩሽ ነው። አብሽሪ፣ ይድናል» አሉኝ። ያቺ «አብሽሪ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

በሌላ ቆርቆሮ ስለተከልኩት በሶ ብላም አነሳሁባቸው። እሱ አጠገብ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ይበሩ ነበር። ድንች ላጥ አድርጌ፣ በስሱ ቆርጬ፣ አፈሩ ላይ እንዳስቀምጥና ከሦስት ቀን በኋላ ገልብጬ እንዳይ ነገሩኝ። እንዳሉት አደረግኩ። ከድንቹ ሥር ገላቸው እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ፣ ጭንቅላታቸው ጥቁር የሆነ ትሎች ተሰብስበው አገኘሁ። የዝንቦቹ እጮች ናቸው። እነዚህኞቹ ለስላሳ ሥር ይበላሉ፣ በተለይ የትንሽ ችግኝ። ስለዚህ የላይኛው አፈር ሁለት ጣት ያህል እስኪደርቅ አላጠጣም። ቢጫ ላስቲክ ቫዝሊን ቀብቼ አጠገቡ አቆምኩ፣ የሚበሩት እዚያ ላይ ይጣበቃሉ። ዝንቡ ከእንቁላል ተነስቶ እስኪበር ሦስት አራት ሳምንት፣ በብርድ አገር ደግሞ ከዚያም በላይ ስለሚፈጅበት ቶሎ ተስፋ እንዳልቆርጥ አስጠንቅቀውኝ ነበር። እኔ ጋ ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ጠፉ።

ባልዲውን በስተን፣ አፈሩ ላይ አሸዋ ቀላቅለን መልሰን ተከልነው። ጤና አዳሙ አሁን አዲስ ቅጠል አውጥቷል።

ለዚህ ሁሉ እትዬ ሳንቲም አልተቀበሉኝም። መድኃኒትም ልሽጥልሽ አላሉኝም። እንቢ ቢሉኝ ሁለት የጽጌረዳ ችግኝ ገዛኋቸው። ባለሙያ ማለት ለእኔ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ አይቶ፣ ቆጥሮ፣ ከዚያ የሚናገር።

ከሄዳችሁ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ሰው ይበዛባቸዋል። ፎቶ ብቻ አትያዙ። አፈሩን ከላይም ከሥሩ አጠገብም ቆንጥራችሁ፣ ሳይደርቅ፣ ክዳን ባለው ብልቃጥ ውሰዱ። የደሴዋ ባለ ጤና አዳም ሰላም ብላለች በሉልኝ።