ለስፖርት መምህራችን ትልቅ ምስጋና

በከተማችን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሉት የስፖርት መምህር አንድ ብቻ ናቸው። ስማቸውን ባልጠራም ማንን እንደማመሰግን ሁሉም ያውቃል። የእግር ኳሱም፣ የመረብ ኳሱም፣ የአትሌቲክሱም አሰልጣኝ እሳቸው ናቸው።

ልጄ በሴቶች እግር ኳስ ቡድን ትጫወታለች። በዘንድሮው የፍጻሜ ጨዋታ በጭንቅላቷ ልትመታ ስትዘል ከሌላ ልጅ ጋር ክፉኛ ተጋጨች። ወዲያው ተነስታ "ደህና ነኝ፣ እጫወታለሁ" አለች። መምህሩ ጎንበስ ብለው ጠየቋት። ስንተኛው አጋማሽ ነው? የመጨረሻውን ጎል ማን አገባ? መልሱ ጠፋት። በቃ፣ ቀየሯት። ጨዋታው እኩል ለእኩል ነው፣ ደጋፊው ይጮህባቸዋል፣ እሷ ታለቅሳለች። እሳቸው ወይ ፍንክች!

አንጎሉ የተናወጠ ተጫዋች ራሱን ባይስትም በዚያው ቀን ወደ ሜዳ መመለስ የለበትም። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ሳያገግም ድጋሚ ከተመታ ደግሞ ለሕይወቱም ያሰጋል። ይህን ቁጭ ብለው ያስረዱን እሳቸው ናቸው፤ ሐኪም ጋም አብረውን ሄዱ። ልጄ መጀመሪያ ወደ ትምህርቷ፣ ቀጥሎ ወደ ቀላል ሩጫ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ ደግሞ ወደ ግጥሚያ ተመለሰች። ዋንጫ አለ ብሎ ልጅ የሚያቻኩል አሰልጣኝ ስንት አለ!

ልምምዳቸውም እንዲሁ ነው። ኳስ ከመነካቱ በፊት የፊፋን 11+ ማሟሟቂያ ያሠራሉ፤ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ልጆቹ ዘለው ሲያርፉ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ አንድ በአንድ ያያሉ። የጉልበት ጅማት መበጠስ በሴት ተጫዋቾች ላይ ይበዛልና። እ.ኤ.አ. በ2008 በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት በሆኑ ሴት ተጫዋቾች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ይህን ማሟሟቂያ የሠሩት ላይ ከባድ ጉዳት በግልጽ መቀነሱን አሳይቷል።

ስለ ዱላ ቅብብል ቡድናቸው ከጀመርኩማ አላበቃም። በ4 በ100 ሜትር የመቀባበያው ክልል 30 ሜትር ነው፤ እዚያች ላይ ፍጥነት እንዳይባክን ደጋግመው ያለማምዷቸዋል።

ልጃችሁን ስፖርት ለማስጀመር የምታመነቱ ወላጆች፣ ያለ ስጋት ለእሳቸው ስጡ። የሌሎች ትምህርት ቤቶች አሰልጣኞችም መጥታችሁ ልምምዳቸውን እዩ፤ ያላቸውን ማካፈል ይወዳሉ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ እባካችሁ ረዳት ይመድብላቸው፤ ይህ ሁሉ ቡድን ለአንድ ሰው ይከብዳል።

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።