የወንጌል አንድምታ መጽሐፍ፦ ብቻችሁን ከሆናችሁ አትግዙት

ሰሞኑን ሰው ሁሉ "የወንጌል አንድምታ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ" እያለ ስለሚጠይቀኝ እዚሁ ልጻፈውና ልገላገል። የወንጌል አንድምታ ማለት የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ወንጌሉን "አንድም" እያሉ የተረጎሙበት መጽሐፍ ነው። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፣ መጽሐፉን የገዛሁትም እዚሁ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ካሉት የንዋየ ቅድሳት ሱቆች ነው፣ ዐቢይ ጾምን ሙሉ ከሥራ ስንወጣ ማታ ማታ ከሰፈር ሰው ጋር ሰብሰብ ብለን ስናነበው ከረምን። መልሴ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ለብቻችሁ ልታነቡት ከሆነ ይቅርባችሁ፣ አብሯችሁ የሚያነብ ሰው ካለ ግን ነገ ዛሬ ሳትሉ ግዙት።

መጀመሪያ መጥፎ መጥፎውን ልናገር። መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ማታ ዓይን ያደክማል፣ የኛን ሰፈር መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ግእዙ ይቀድማል፣ ቀጥሎ አማርኛው ይመጣል፣ ከዛ ሐተታው፣ ቁጥሩ ደግሞ በግእዝ ነው፤ ፲፰ን ከ፳፰ መለየት ያልለመደ ሰው ገና ሲከፍተው ይጠፋበታል። አማርኛውም እኛ የምናወራው አማርኛ አይደለም፣ የድሮ የጉባኤ ቤት አማርኛ ነው፣ "ስለምን ቢሉ" "እንደምን ቢሉ" እያለ ራሱ ይጠይቃል ራሱ ይመልሳል። ታናሽ ወንድሜ አንድ ገጽ አንብቦ "ይሄ ሰውዬ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?" ብሎ መለሰልኝ። አልተሳሳተም እኮ፣ ምክንያቱም ይሄ መምህር ተቀምጦ ተማሪ ዙሪያውን ከቦ በቃል ሲተላለፍ የኖረ ትምህርት ነው፣ ወረቀት ላይ የሰፈረው በኋላ ነው። ለብቻህ በዝምታ ስታነበው ስልክ የሚያወራ ሰው አጠገብ እንደመቀመጥ ነው፣ የአንዱን ወገን ብቻ ነው የምትሰማው።

እኛ የቀናን የኔታን በማግኘታችን ነው። ቅኔ እዚሁ ጎጃም ዋሸራ ጉባኤ ቤት ተቀኝተው ኋላ የመጻሕፍት ትርጓሜ ወደሚማሩበት መጻሕፍት ቤት የገቡ ሰው ናቸው። ትርጓሜ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት ተብሎ አራት ጉባኤ ነው፣ እሳቸው የሐዲሱ፣ የሐዲስ ኪዳኑ ማለት ነው፣ መምህር ናቸው። (ጎጃም ቅኔ እንጂ ሌላ አያውቅም የምትሉ እሳቸውን አንድ ማታ ብትሰሟቸው ጥሩ ነበር።) አነባበባችንም የሳቸው ሐሳብ ነው፣ ከማቴዎስ አንድ ጀምረን በተራ ከመሄድ የጾሙን እሁዶች ተከትለን በየሳምንቱ የሚነበበውን ወንጌል ብቻ ያዝን። ምኩራብ ሲሆን ዮሐንስ 2፣ መጻጉዕ ሲሆን ዮሐንስ 5፣ ደብረ ዘይት ማቴዎስ 24፣ ገብር ኄር ማቴዎስ 25፣ እንዲህ እያልን። ይሄ ነገር በጣም ነው የጠቀመን፣ ማታ የተከራከርንበትን እሁድ ቅዳሴ ላይ ቆመህ ስትሰማው ጆሮህ ሌላ ጆሮ ይሆናል፣ ድሮ "መቼ ይሆን የሚያልቀው" እያልኩ የምሰማው ንባብ አሁን ቶሎ አለቀ እያልኩ ነው የምወጣው።

የመጻጉዕን ማታ ሳላወራ አላልፍም። መጻጉዕ የምንለው ሰውዬ 38 ዓመት ታሞ፣ ውሃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ በሚድንበት መጠመቂያ አጠገብ የተኛ ነው፣ ጌታ "ልትድን ትወዳለህን" ሲለው እሺ ወይም እምቢ አይልም፣ "ሰው የለኝም" ነው የሚለው። እዚህ ላይ ጎረቤታችን እማሆይ ብድግ ብለው "የኔታ፣ ሰው የለኝም ካለ ያን ሁሉ ዘመን ማን ሲያጎርሰው ኖረ?" አሉ። ሁላችንም ሳቅን፣ የኔታ ግን አልሳቁም፣ "ይበሉ እማሆይ፣ እርስዎ ይመልሱት" አሏቸው። ከዛ እማሆይ የታመመች እህታቸውን ሲያስታምሙ የነበረውን ማውራት ጀመሩ፣ የሚያጎርስና ውሃው ሲናወጥ ቀድሞ አንስቶ የሚያስገባ ሰው የተለያየ ነው አሉ፣ አንድ ሰዓት እዛው ላይ ሄደ። ቀጥሎ የኔታ ዮሐንስ 18ን አስገለጡን፣ ሊቀ ካህናቱ ፊት ጌታን በጥፊ የመታው ሎሌ ጋ። ወንጌሉ ስሙን አይጠራም፣ የኛ አባቶች ግን ያ ሰው ይሄው አልጋውን ተሸክሞ የሄደው መጻጉዕ ነው ብለው ያስተምራሉ፣ ምዕራፍ 5 ላይ "ከዚህ የባሰ እንዳያገኝህ ደግሞ አትበድል" የተባለውንም ከዚህ ጋር ያያይዙታል። ትምህርቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፣ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ይዤ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። በዛ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው የወደድኩት ሐተታው ቶሎ የማይደመድም መሆኑ ነው። አንድም እያለ ሁለት ሦስት ፍቺ ይደረድርና የቱ ይሻላል ሳይልህ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ባንክ የሚሠራ ጓደኛችን አላስችል ብሎት "የኔታ፣ በመጨረሻ የቱ ነው ልክ?" ቢላቸው "ምነው ልጄ፣ ፈተና አለብህ እንዴ?" አሉት። እስካሁን በዚህ እንቀልድበታለን። ግን ሁሉንም ፍቺ ይዘህ ስትቆይ አንዱ ከሌላ ቦታ ጋር ሳታስበው ይገጥምልሃል። ለምሳሌ ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ጌታ ያመጡት ስጦታ፣ ወርቁ ለመንግሥቱ፣ ዕጣኑ ለክህነቱ፣ ከርቤው ለሞቱ እንደሆነ ሰንበት ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። የኒቆዲሞስ ሳምንት ላይ ግን ከመሃላችን ነርስ የሆነች ልጅ ኒቆዲሞስን ብቻ ተከትላ ሄደች፦ ዮሐንስ 3 ላይ በሌሊት ተደብቆ ይመጣል፣ 7 ላይ በአለቆቹ መሃል ለጌታ አንዲት ቃል ይናገራል፣ 19 ላይ ወደ መቶ ንጥር የሚመዝን ከርቤና እሬት ይዞ በግልጽ ለመቅበር ይመጣል። "ከርቤው ተመልሶ መጣ እኮ!" ብላ ጮኸች። እውነትም ሕፃን ሆኖ የተሰጠው ነገር ሲቀበርም መጣለት። የኔታ ጋቢያቸውን አስተካክለው "በይ አንቺ ቀጥዪ" አሏት፣ የዛን ማታ መምህሯ እሷ ሆነች።

ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ አለ ለምትሉ፣ አለ፣ ግን አብዛኛው ስካን የተደረገ ፎቶ ነው፣ ቃል ፈልገህ አታገኝበትም፣ ስልክ ላይ ግእዙን ለማየት ስታጎላው አማርኛው ከስክሪኑ ይወጣል፣ ደግሞ ኖቲፊኬሽን ሲመጣ ጉባኤው ተበተነ ማለት ነው። ጥቅስ ቶሎ ለመፈለግ ብቻ የመጽሐፍ ቅዱስ አፕ ከጎን ያዙ፣ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም አይለያችሁ፣ አንድምታው ብቻውን አይበቃም።

ስትገዙ ጥራዙን ከፍታችሁ እዩት፣ የኔው ከፋሲካ በፊት መሃሉ ተለቀቀና ኮፒ ቤት ወስጄ እንደገና አስጠረዝኩት። ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፣ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ። ሁላችሁም መግዛትም የለባችሁም፣ ለአምስት ስድስት ሰው አንድ መጽሐፍ ይበቃል፣ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ይጠይቅ። መምህር ያጣችሁ ደግሞ ደብራችሁን ጠይቁ፣ ጎጃም ውስጥ ሆኖ መጻሕፍት የቀመሰ ሰው አጣሁ የሚል ሳይጠይቅ የቀረ ነው።

ከአምስት ኮከብ ለኅትመቱ ሁለት፣ ለትምህርቱ አምስት። እኛ ከሐዋርያት ጾም ጀምረን የማርቆስን ወንጌል ልንይዝ ነው፣ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ ከአራቱም አጭሩ እሱ ነው፣ በስሙ በተጠራ ከተማ እየኖርን እስካሁን ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ከመሃላችን የኔታ ብቻ ናቸው። መምጣት የምትፈልጉ ጋቢና የራሳችሁን ኩባያ ይዛችሁ ኑ፣ ቡናው ከእማሆይ ነው።